መቅዘፊያ የሌላት ጀልባ

ዛሬ የማካፍላችሁ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ከባለቤቴ ጋር በኒውዚላንድ አገር፣ በአንድ ወንዝ ላይ ስላሳለፍነው ቀን ነው። በመካከሉ ስለ ቤታችን ጉዳይ የምጠቅሰው ነገር አለ። ባለቤቴም ልጃችንም ጽሑፉን አስቀድመው አንብበው ፈቅደውልኛል። ልጃችን እንዲያውም «ስሜን ብቻ አታውጪው» አለኝ፤ አላወጣሁትም።

ታናሽ እህቴ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው በክራይስትቸርች ከተማ ነው። ለዓመታት «እባካችሁ ኑ» ስትለን ቆይታለች። ባለቤቴ ግን መጋቢ እንደመሆኑ አገልግሎቱን ትቶ መሄድ ሆኖለት አያውቅም። በዚያ ዓመት ሐኪም ዕረፍት አዘዘለት፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም አንድ ወር ፈቀዱለት። ከአዲስ አበባ ተነሥተን በዱባይና በሲድኒ በኩል፣ እግራችን አብጦ፣ ቀኑ ከሌሊቱ ተደባልቆብን ደረስን። የካቲት እዚያም በጋ ነው።

ዕረፍት ይባል እንጂ አላረፍንም ነበር። በጥቅምት ወር የ20 ዓመቱ የመጀመሪያ ልጃችን ከአባቱ ጋር ተጋጭቶ ከቤት ወጥቶ ነበር። የጠቡ መነሻ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ማቆሙ ነው። የመጋቢ ልጅ መሆን ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ አባት፣ ሰው ሁሉ ተቆጪ ይሆንበታል። ልጃችን ከጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ተከራየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወለለትም። ክፉ አባት ሆኖ አይደለም። «አሁን ብናገር የባሰ አበላሻለሁ፤ እጄን ላንሣና ነገሩ ይብረድ» ነበር የሚለው። እኔ ደግሞ በተቃራኒው በቀን ሦስት ጊዜ እደውል ነበር። በልተሃል? ጸልየሃል? መቼ ነው የምትመጣው? በመጨረሻ ልጁ የእኔንም ስልክ ማንሣት ተወ።

እህቴ ይህን ስለምታውቅ በሁለተኛው ሳምንት «እዚህ ቤት ተቀምጣችሁ ጣራ ከምታዩ አንድ ቀን ወንዝ ላይ ዋሉ» አለችን። የእህቴ ባል መካኒክ ነው። መጀመሪያ የቀጠሩት የጋራዥ ባለቤት አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የአገሩ ተወላጅ ናቸው። አምስት ሰው የምትይዝ የአሉሚኒየም ጀልባ አላቸው። ማለዳ ጀልባዋን በመኪናቸው እየጎተቱ መጡና ወደ ዋይማካሪሪ ወንዝ ሄድን።

ዋይማካሪሪ በማኦሪ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። ስሙን ለማረጋገጥ ጣቴን ነክሬ ነበር፤ አያስዋሽም። ወንዙ ከደቡብ አልፕስ ተራሮች ይነሣና የካንተርበሪን ሜዳ አቋርጦ ከክራይስትቸርች በስተ ሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባል። ርዝመቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ አገር ወንዝ ስንል አንድ ወንዝ ነው የምናስበው። ይህ ግን ሜዳው ላይ ሲደርስ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል። በሰፊ የጠጠር አልጋ ላይ አንዱ አምስት፣ አምስቱ አሥር ሆኖ ይለያያል፤ ደግሞ ይገናኛል። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ጉንጉኑ ይፈታና በሌላ መልክ ይሠራል፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት የተሄደበት መንገድ ዘንድሮ ደረቅ ጠጠር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሜዳው በላይ ደግሞ ወንዙ በጠባብ ገደል ውስጥ ያልፋል። እኛ የተነሣነው ገደሉ ከሚያልቅበት ድልድይ አጠገብ ነው።

የነፍስ አድን ሰደርያ ለሁላችንም ከታሰረልን በኋላ ባለቤቴ ጀልባዋን ከፊት እስከ ኋላ ዞሮ አያት። ከዚያ የእህቴን ባል «መቅዘፊያዋ የት አለ?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ወዲያው ሳቄ መጣ፤ ከየት እንዳመጣው ስላወቅሁ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 3 ስለ አንደበት ሲያስተምር የመርከብን መቅዘፊያ በምሳሌነት ያነሣል። ባለቤቴ በዚያ ክፍል ስንት ጊዜ እንደሰበከ እኔ ቆጥሬ አልዘልቀውም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለን እንደተማርነው በሐዋርያት ዘመን መርከቦች የሚመሩት በኋላቸው ግራና ቀኝ በሚንጠለጠሉ ሁለት ትላልቅ መቅዘፊያዎች ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ገመዳቸው የተፈታው እነዚያ ናቸው።

ሽማግሌው ጥያቄው ሲተረጎምላቸው በጣም ደስ አላቸው። «የላትም፤ ውልብልቢትም የላትም» አሉ። ጎንበስ ብለን ከሥር እንድናይ አደረጉን። እውነትም ሆዷ እንደ ምጣድ ልሙጥ ነው።

አዋሳ ሐይቅ ላይ በጀልባ የሄደ ሰው የተለመደውን ያውቀዋል። ነጂው ከኋላ ተቀምጦ የሞተሩን እጀታ ግራና ቀኝ ያደርጋል፤ ከሞተሩ ሥር ያለው ውልብልቢት ውሃውን ይገፋል። ለሐይቅ ይህ ይበቃል። ውሃው ከጉልበት በታች በሆነበት፣ ከሥሩም ድንጋይ በሞላበት ወንዝ ግን ውልብልቢቱ አንድ ድንጋይ ሲመታ ነገር አለቀ። የዚህ አገር ገበሬዎች ይህ ችግር ነበረባቸው። ከእነርሱ አንዱ ቢል ሃሚልተን ይባላል። በ1899 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ ማኬንዚ በሚባለው ደጋ አገር አይሪሽማን ክሪክ በተባለ እርሻ በግ የሚያረባ፣ መሐንዲስነትን ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ውሃ እየተፋ የሚሄድ መሣሪያ መሠራቱን ሰማና እርሱም ሞከረ። መጀመሪያ ውሃው የሚወጣው ከጀልባዋ ሥር ነበር፤ ብዙም አልሄደችም። የሚተፋውን አፍ ከፍ አድርጎ ከውሃው ገጽ በላይ ቢያወጣው ፍጥነቷ ጨመረ፤ ከሥር የሚንጠለጠል ነገርም አልቀረም። ሃሚልተን ግን የፈጠራው ክብር የአርኪሜደስ ነው እያለ ይቀልድ ነበር ይባላል። በ1960 እ.ኤ.አ. በእርሱ ጀልባዎች የኮሎራዶን ወንዝ በግራንድ ካንየን ውስጥ ሽቅብ ወጡት፤ ከዚያ በፊት ያን ያደረገ የለም። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤቨረስትን ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር መጀመሪያ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ በእነዚህ ጀልባዎች የጋንጅስን ወንዝ ከባሕር ጀምሮ ወደ ሂማላያ ተጓዘበት፤ ያቆመው ፏፏቴ ነው። የሂላሪ ፊት በኒውዚላንድ የ5 ዶላር ብር ላይ አለ። እህቴ አንዱን ለልጃችን ብላ ሰጥታኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አሠራሩን እንደገባኝ ልንገራችሁ። በጀልባዋ ሆድ ላይ የብረት ፍርግርግ ያለው ቀዳዳ አለ። ከመኪና የተወሰደ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፣ ኢምፔለር የሚባለውን የፓምፕ ምላጭ ያሽከረክራል። ፓምፑ ውሃውን ከሥር ይስብና በኋላ በኩል በጠባብ አፍ በኃይል ይተፋዋል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦውን ለምን ሁለት ሆነው እንደሚይዙት አስቡ፤ ውሃው ወደ ፊት ሲወረወር ሰውየውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጀልባዋም ውሃውን ወደ ኋላ ስትወረውር ወደ ፊት ትሄዳለች። ነጂው መሪውን ሲያዞር የሚዞረው ያ አፍ ነው፤ ውሃው ወደ ግራ ሲተፋ የጀልባዋ ኋላ ወደ ቀኝ ይገፋል፣ አፍንጫዋም ወደ ግራ ይዞራል።

ማርሽም ፍሬንም የላትም። በእነርሱ ፈንታ «ባልዲ» የሚሉት ነገር አለ። በነጂው እጅ አጠገብ ባለ ዘንግ የሚወርድ የብረት ክዳን ነው። ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ወደ ኋላ የሚሮጠውን ውሃ ይቀበልና አጥፎ ወደ ፊት ይልከዋል፤ ጀልባዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ግማሽ ድረስ ሲወርድ ደግሞ ውሃው ለሁለት ይከፈልና ጀልባዋ ባለችበት ትቆማለች። ሞተሩ ግን እየሠራ ነው፣ ውሃውም እየወጣ ነው፤ ስለዚህ ቆማ ሳለች እንኳ መሪውን ብታዞሩ እንደ ጀበና ክዳን በቦታዋ ትዞራለች።

ከመቅዘፊያ የሚለያት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መቅዘፊያ ያላት ጀልባ ሞተሯ ቢጠፋም ወደ ፊት እየሄደች እስካለች ድረስ ውሃው መቅዘፊያውን እየገፋ ያዞራታል። ይህችኛዋ ግን የምትዞረው በምትተፋው ውሃ ብቻ ነው። ውሃው ካልወጣ መሪው በእጃችሁ ላይ ያለ ጌጥ ነው። ሽማግሌው ይህን ገና ሳንነሣ ነግረውናል። «መኪና ሲያስፈራህ እግርህን ታነሣለህ። እዚህ እግርህን ካነሣህ መሪ የለህም። ስትፈራ ነዳጅ ስጥ፣ አዙር፣ ከዚያ ቀንስ» አሉ። የእህቴ ባል ሁለት ጊዜ ተረጎመልን። ባለቤቴ ሁለቱንም ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ሰምቶታል፤ እኔም ሰምቼዋለሁ።

ገደሉን ሽቅብ ስንወጣ የነበረውን በቃል መግለጽ ይከብደኛል። ውሃው ወተት ጠብ ያለበት ሰማያዊ ይመስላል። ግራና ቀኝ ግራጫ ዐለት ቆሟል፤ እጅግ ከፍ ብሎ ደግሞ የባቡር ሐዲዱ ዋሻና ድልድይ ይታያል። ሽማግሌው ወደ ዐለቱ ቀጥ ብለው ሄደው ሄደው፣ እኔ ዐይኔን ስጨፍን ያዞሩታል። ጀልባዋ ከሥሯ የሚይዛት ነገር ስለሌለ ስትዞር በጎኗ ትንሸራተታለች፤ ስለዚህ መታጠፊያው ሳይደርስ አስቀድሞ ማዞር ያስፈልጋል። ውሃው እጅግ ባነሰበት ቦታ ቀስ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ጨመሩ። ለካ በፍጥነት ስትሄድ ከውሃው ላይ ከፍ ስለምትል ከአንድ ስንዝር ያነሰ ውሃ ይበቃታል። ፍጥነቷ ሲቀንስ ግን ሆዷ ይወርድና ጠጠሩ ላይ ትቀመጣለች። ከፊታችን ሌላ ጀልባ ሲመጣ ደግሞ ወደ ዳር ጠጋ ብለው አሳለፉት። በወንዝ ሕግ ሽቅብ የሚወጣው ቁልቁል ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል። ቁልቁል የሚመጣውን ውሃው ራሱ እየገፋው ስለሆነ እንደ ልቡ መቆም አይችልም፤ ውሃውን የሚታገለው ግን የተሻለ ይቆጣጠራል። እኔ የሚታገለው ምስኪን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ሞተሩ በድንገት ጮኸ፤ ጀልባዋ ግን ኃይሏ ወረደ። ነዳጅ በጨመሩ ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል፣ ጉዞው ይቀንሳል። ሽማግሌው ወዲያው ጠጠሩ ላይ አስጠጓት። ፍርግርጉ ላይ ጠጠር ተሰክቶ የውሃውን መግቢያ ዘግቶት ነበር። ከኋላ ያለውን ትንሽ ክዳን ከፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡና አንድ በአንድ ለቀሙት። እህቴ ምሳ የሰጠችን ድፎ ዳቦና የተቀቀለ ዕንቁላል ስለነበር እዚያው በላን። የእህቴ ባል ለሽማግሌው ቆሎ ዘገነላቸው፤ ጥርሳቸውን እየያዙ ቢበሉም ደገሙ።

እዚያ ተቀምጠን ሽማግሌው ስለ ልጆቻችን ጠየቁን። ባለቤቴ ስለ ሁለቱ ትንንሾች አወራ። ስለ ትልቁ ምንም አላለም። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ክርኔን ነካ አደረገኝ። ተናደድሁ፤ ተነሥቼም ወደ ውሃው ዳር ሄድሁ።

ስንመለስ ከገደሉ ወጥተን ሰፋና ጠለቅ ያለ ቦታ ላይ ደረስን። ሽማግሌው ወንበራቸውን ለቀቁለትና «ፓስተር፣ ተራው የአንተ ነው» አሉት። በኒውዚላንድ ለእንዲህ ያለ የመዝናኛ ጀልባ መንጃ ፈቃድ ግዴታ አይደለም፤ ባለቤቱ አጠገብ ሆነው ነው ያስነዱት። ባለቤቴ መኪና መንዳት ከጀመረ 25 ዓመት ሆኖታል፤ ጥንቁቅ ነጂ ነው። ቀስ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ጨመረ፤ ጀልባዋም ከውሃው ከፍ አለች። ፊቱ ላይ ለወራት ያላየሁት ፈገግታ መጣ፤ ንዴቴን ረሳሁት።

ወንዙ ወደ ግራ በሚታጠፍበት በኩል፣ በቀኙ ዳር ላይ የአኻያ ዛፎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ወድቆ ግንዱ ውሃው ውስጥ ተጋድሟል። ባለቤቴ አየው፤ ደነገጠ። የደነገጠ ሾፌር የሚያደርገውን አደረገ። እግሩን አነሣ፣ መሪውንም እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞረ።

ጀልባዋ አልዞረችም። የሞተሩ ድምፅ ረገበ፣ አፍንጫዋ ዝቅ አለ፣ ቀጥ ብላ ወደ ግንዱ መንሸራተቷን ቀጠለች። ያ ጸጥታ ነው ያስፈራኝ። መሪው ተጠምዝዟል፣ ባለቤቴ የበለጠ ሊጠመዝዘው ይታገላል፣ ምንም አይሆንም። የእህቴ ባል «ፓስተር፣ ይርገጡ! ይርገጡ!» እያለ ይጮሃል። ባለቤቴ ግን እግሩ አልታዘዘውም። «ጌታ ሆይ» ብዬ የወንበሩን ጠርዝ ያዝሁ።

ሽማግሌው አልጮሁም። ከጎኑ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በባለቤቴ ጉልበት ላይ አደረጉና ወደ ታች ተጫኑት። እግሩ ነዳጁን ረገጠው። ሞተሩ አገሳ፤ ውሃው ቀድሞ በተጠመዘዘው አፍ በኩል ወጣ፤ ጀልባዋም ኋላዋን ወርውራ ዞረች። ከግንዱ እስከ ጀልባዋ ጎን ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። የተረጨው ውሃ የአኻያውን ቅጠል ሁሉ አጠበው። መካከል ላይ ስንደርስ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ፣ ባልዲውንም ግማሽ ድረስ አወረዱት፤ ቆምን።

ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ ባለቤቴ «ነግረውኝ ነበር እኮ» አለ። ሽማግሌው መለሱለት፤ የእህቴ ባል እንደተረጎመው «ሁሉም ይነገረዋል። እግር ግን ጆሮ የለውም፤ ሥራውን በሥራ ነው የሚማረው» ነው ያሉት። መልሰውም አስነዱት። እዚያው ቦታ፣ ወደዚያው ግንድ፣ ግን ከሩቅና በቀስታ። አምስት ጊዜ ያህል አስደጋገሙት። በሦስተኛው እግሩን ማንሣት ተወ።

ይህን የምጽፈው ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ከእናንተ መካከል ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጄት ስኪ የምትከራዩ ትኖራላችሁ። በዱባይም በአሜሪካም ያላችሁ ወገኖቻችን ይህን ልብ በሉልኝ። ጄት ስኪም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ባወጣው ጥናት፣ ነዳጅ ሲለቀቅ መሪው እንደማይሠራ ከአደጋ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ አንሥቶታል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ አምራቾች ለዚህ የሚረዳ ነገር ጨምረዋል፤ ሁሉም የተከራየ ዕቃ ላይ ግን ይኖራል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ። ጠይቃችሁም ባዶ ቦታ ላይ ራሳችሁ ሞክሩት። እንዳያችሁት ለባለቤቴ መስማት አልበቃውም።

የእኔም ተራ ደረሰ። እምቢ ብዬ ነበር፤ የእህቴ ባል «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ ለመነኝ። እኔ በባለቤቴ የደረሰውን አይቻለሁና ፈጽሞ እግሬን አላነሣም ብዬ ቆርጬ ተቀመጥሁ። መሪውን አዞርሁና ረገጥሁት። ጀልባዋ እንደ እንዝርት ተሽከረከረች። ከየትኛው በኩል እንደመጣን ጠፋኝ፤ ውሃ በአፌም በአፍንጫዬም ገባ፤ ሽማግሌው ኮፍያቸው ወንዝ ገባባቸው። ባለቤቴ ከኋላ ሆኖ እንደ ሕፃን ይስቃል። «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ! ለመዞር ይህን ያህል አያስፈልግም» አለኝ የእህቴ ባል። ሽማግሌው የውሃ ቧንቧ የሚከፍት ሰው እንደሚያደርገው ጣቶቻቸውን ቀስ አድርገው እያዞሩ አሳዩኝ። ጥቂት ውሃ ሳያቋርጥ ከወጣ በቂ ነው። ባልዲውን ግማሽ አውርደው፣ ሞተሩን ዝቅ አድርገው አስጀመሩኝ። ቀስ ብላ ዞረች። ወደ ኋላም አስነዱኝ። በመኪና ወደ ኋላ ሲኬድ መሪው ወደ ግራ ከዞረ ኋላዋ ወደ ግራ ይሄዳል። በዚያች ጀልባ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሲኬድ ወደ ግራ የሚዞረው አፍንጫዋ ነው። ይህ እስከ መጨረሻው አደናግሮኛል። ኮፍያውን ግን ራሴ ነድቼ ሄጄ አነሣሁት፤ ይህን ለእህቴ ስነግራት አላመነችኝም።

ባለቤቴ ከሰባኪነቱ የተነሣ ያየውን ሁሉ ምሳሌ የማድረግ ልማድ አለው። እኔ ብዙ ጊዜ እቃወመዋለሁ፤ ድንጋይ አንዳንዴ ድንጋይ ነው። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ «ይህንንማ ለእሑድ ትሰብክበታለህ» ብዬ ቀለድሁበት። አልሳቀም። መስኮቱን እያየ «አይ፣ አልሰብክበትም» አለኝ።

እራት ከበላን በኋላ እህቴና ልጆቿ ሊተኙ ገቡ። እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጦ ስልኩን በእጁ ያገላብጣል። የልጃችንን ስም አወጣ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ እንደገና አወጣው። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። እንደ ወትሮዬ ቢሆን «በል ደውል እንጂ! ስታናግረው እንዲህ በለው፣ እንዲያ በለው» እለው ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁትና መዳፌን ጉልበቱ ላይ አደረግሁ። ቀና ብሎ አየኝና ቁልፉን ተጫነ።

ስልኩ ብዙ ጠራ። ሊቋረጥ ሲል ተነሣ።

«አባዬ? ምን ሆናችሁ?» አለ ልጁ። ድንጋጤው ከስልኩ ውጭ ይሰማል። አባቱ ከደወለ የሞተ ሰው አለ ብሎ ነው ያሰበው።

«ምንም አልሆንንም። ደኅና ነን» አለ ባለቤቴ። ከዚያ ጸጥ አለ። ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ። ጉሮሮውን ጠረገና «ዛሬ ጀልባ ነዳሁ። ከግንድ ጋር ልጋጭ ነበር» አለው።

«አንተ? ጀልባ?»

ከዚያ ስለ ጀልባዋ ይነግረው ጀመር። ስለ ፍርግርጉ፣ ስለ ፓምፑ፣ ውሃውን ስለሚተፋው አፍ፣ ስለ ባልዲው። እኔ ኮፍያ መጣሌንም አልደበቀም፤ ልጄ ሲስቅ ሰማሁት። ስለ ቤተ ክርስቲያን አልተነሣም፤ መቼ ትመጣለህም አልተባለም። ወደ ሃያ ደቂቃ አወሩ። ልጃችን ከልጅነቱ ጀምሮ ዕቃ ፈታትቶ የሚያይ ስለሆነ ጥያቄው አላለቀም።

«ቆይ አባዬ፣ እግርህን ስታነሣ ካልዞረች፣ ፍሬንም ከሌላት፣ ታዲያ ሰው ሲፈራ ምን ያደርጋል?»

ባለቤቴ ነፃ የሆነ እጁን ጉልበቱ ላይ ባለው እጄ ላይ አደረገና «ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ» አለው።